የአራሚዋ ስድስት ቄቦች

ልብስ ሰፊዋ አማቷን ትፈራቸዋለች ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ራሷም አትክደውም። ሴትየዋ ክፉ ሆነው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሲሠሩ ያዩትን ሁሉ ማረም ልማድ ሆኖባቸው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳይቀር ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ነው የሚያነቡት። የልጃቸው የሠርግ መጥሪያ ታትሞ ከተበተነ በኋላ እንኳ ሦስት ግድፈት አክብበው ለሙሽራዋ አባት ልከውላቸዋል። አባትየው ስቀው አለፉት። ሙሽራዋ ግን አላለፈችውም፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ አማቷ ፊት ቃል እየመረጠች ትናገራለች።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አማቷ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ የታክሲ ሾፌሩን የወረቀት ካርቶን አሸክመው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "ደግሞ ምን አጠፋሁ?" የሚል ነበር።

ካርቶኑ ጪው ጪው ይላል።

"ነገ ሆስፒታል እተኛለሁ" አሉ አማቷ ገና ሳይቀመጡ። "ዳሌዬን ሊቀይሩልኝ ነው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞልኝ ሁለቱንም የቀረሁት እነዚህን የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው።"

"እኔ እያለሁ እማማ? ምነው ሳይነግሩኝ?"

"አንቺማ ትልልቅ ዶሮዎች አሉሽ። የፈራሁትም እሱን ነው።"

ካርቶኑን ከፈቱት። ውስጡ ስድስት ድንክ ቄቦች ተጠጋግተው ቆመዋል። የአሥር ሳምንት ናቸው፤ ድንክ ዶሮ ብታድግም ድንክ ናትና አንዷ ከልብስ ሰፊዋ ቡጢ አትበልጥም። አማቷ በፎቅ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ከእንቁላል ጀምረው አንድ በአንድ ያሳደጓቸው ናቸው። ስምም አውጥተውላቸዋል፤ ስሙም እንደ ሙያቸው ነው። ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ አንክሮ፣ ጥያቄ። ጥያቄ የምትባለው አንገቷን ቆልመም አድርጋ ሰው የምታየው ወርቃማዋ ናት።

"ሰረዝና ድርብ ሰረዝ እንዳይምታቱብሽ" አሉ አማቷ። "ድርቧ ክንፏ ላይ ሁለት መስመር አላት።"

ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። እንደ ማተሚያ ፊደል ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ አሥራ ስድስት ነገር ተዘርዝሮበታል። ለብቻቸው ሁለት ሳምንት ይቆዩ። የእንቁላል ጣዮቹን መኖ እንዳይቀምሱ፤ ለኩላሊታቸው አይሆንም። የውሃ መጠጫው ጥልቅ እንዳይሆን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከትልልቆቹ ጋር በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ። አሥራ ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው ግን አንድ ላይ እንዳይገቡ። ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ይወርዳል።

"ስድስት ሰጥቼሻለሁ" አሉ አማቷ ሲነሡ። "ስድስት ሆነው ይቆዩኝ። አደራ።"

ካርቶኑ ቀላል ነበር። የከበዳት የመጨረሻዋ ቃል ናት።

ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው። በዚያ ሰሞን ምሰሶ ሊተክል ሩቅ ሄዶ፣ ስልክ የሚሠራለት አንድ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። ሲደውል ነገረችው።

"ዶሮ እኮ ነው" አለ።

"ዶሮ አይደለም፤ የእናትህ ዶሮ ነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ ባልየው።

ግቢዋ ሰፊ አይደለም። በአንድ ወገን የጎረቤቷ የአናጢው ግንብ፣ በሌላው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ መሃል ላይ በሽቦ የታጠረ የዶሮ ቤት። ሰባት ትልልቅ ዶሮዎች አሏት። የሰባቱ አለቃ አንድ ጣቷ የተቆረጠ ቀይ ዶሮ ናት፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ ገቢና ወጪውን ስለምትፈትሽ ዘበኛዋ ትባላለች። ዘበኛዋ ሳትጠግብ መኖ የሚነካ የለም። ባለፈው ዓመት አንዲት አዲስ ዶሮ ስትገባ ሦስት ቀን ሙሉ ጥግ አስይዛ ጥሬ እንዳትቀምስ አድርጋታለች፤ ያቺ ደግሞ በቁመት የምትመጥናት ነበረች። እነዚህን እፍኝ እፍኝ የሚያህሉትን ብታገኝ ምን ልታደርግ እንደምትችል ልብስ ሰፊዋ ማሰብ አልፈለገችም።

ከቤት ውጭ ማሳደር ስለፈራች የልብስ መለኪያ ክፍሏን ለቀቀችላቸው። ደንበኞቿ ቀሚስ ሊለኩ ሲገቡ ከመጋረጃው ጀርባ ጪው ጪው ይሰማሉ።

"የኔ ሆድ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለች አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወገቧን እያስለካች።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። እጇ ሜትሩን ቢይዝም ጆሮዋ መጋረጃው ጀርባ ነበር። ስድስት ናቸው? ወይስ አምስት? መቁጠር በሽታ ሆነባት። መርፌ ላይ ክር ስታሾልክ ትነሣና ትቆጥራለች። ጥርሷን እየቦረሸች ትሄድና ትቆጥራለች። ተኝታ እንኳ አንድ ነገር ኮሽ ካለ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

አማቷም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆስፒታል ይደውላሉ።

"ቁጠሪልኝ።"

"ነጥብ አለች፣ ሰረዝ አለች፣ ድርብ ሰረዝ አለች፣ ቅንፍ፣ አንክሮ፣ ጥያቄ፤ ሁሉም አሉ።"

"ውሃቸውስ?"

"ጠዋት ቀይሬዋለሁ። እርስዎስ እንዴት ነዎት እማማ?"

"ግፊቴ ከፍ አለ አሉ። ካልወረደ ቀዶ ጥገና የለም ብለው አስተኝተውኛል።"

ግፊቱን ምን ከፍ እንዳደረገው ሁለቱም አላነሡትም። ልብስ ሰፊዋ ግን ስልኩን ዘግታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስታያቸው፣ እነዚያ ስድስት ፍጥረቶች የአንዲት ሴት ደም ሥር ላይ የቆሙ መሰሏት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የፈራችው ደረሰ። ነጥብ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ቆማለች። ከሥሯ የተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ኩሷ ደም ቀላቅሏል። ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣውን አጣጥፋ በፌስታል ይዛ፣ በጫማ ፈንታ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ሮጠች። ሐኪሟ ኮት ልታሰፋ ጨርቅ የሰጠቻት ደንበኛዋ ናት፤ ስታያት "ኮቴ ደረሰ?" ብላ ተነሣች።

"ኮትሽ ይቆይ። ይህን እዪልኝ።"

ሐኪሟ ፌስታሉን ከፍታ አየችው። "የአንጀት በሽታ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው የተለመደ ነው። መድኃኒቱን ለአምስት ቀን ውሃቸው ውስጥ ትጨምሪያለሽ፤ ሌላ ውሃ እንዳያገኙ። ማንጠፊያውን በየቀኑ ቀይሪ። ትድናለች፤ አትፍሪ።" ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺስ? እህል ከቀመስሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"የአማቴ ናቸው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሐኪሟም አማት ነበራትና ገባት፤ ሌላ አልጠየቀችም።

የዚያን ቀን ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ። "ነጥብ አለች" አለች ልብስ ሰፊዋ። ውሸት አልነበረም። ነጥብ አለች፤ ጥግ ላይ ቆማ። ስልኩን ዘግታ ግን ወዲያው ልታያት ሄደች።

ነጥብ በአራተኛው ቀን ላባዋን ሰብስባ ከእህቶቿ ጋር መሻማት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ተመስገን ብላ አንድ ሙሉ ሳህን ምሳ በላች።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ፣ በዝርዝሩ መሠረት፣ ቄቦቹን በሽቦ ሣጥን አድርጋ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ታስቀምጣቸው ጀመር። ትልልቆቹ መጀመሪያ ቀን ከበው አዩዋቸው። በሁለተኛው ቀን ስድስቱ ሰልችቷቸው ወደ ጥሬያቸው ተመለሱ። ዘበኛዋ ግን አልሰለቻትም። ሣጥኑን ትዞራለች፣ ቆም ትላለች፣ አንድ ዓይኗን ወደ ሽቦው አስጠግታ ታያለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አንድ ስፌት እየሰፋች አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ትመለከታለች። በዚያ ሳምንት የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግሩ አጥሮ ወጣ።

ረቡዕ ቀን አማቷ ሲደውሉ ድምፃቸው ቀለል ብሎ ነበር።

"ግፊቴ ወረደ። ዓርብ ጠዋት ይገባሉ አሉኝ።"

"እሰይ እማማ።"

"አሁን እንግዲህ ሌላ ነገር እንዳይመጣ ነው" አሉ።

ሌላው ነገር በማግስቱ ሐሙስ መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ፣ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ስትወጣ ሣጥኑ ያለበት መሬት ረግረግ ሆኗል፤ ቄቦቹ ውሃ ውስጥ ቆመው እርስ በርስ ይወጣጣሉ። በጨርቅ ሸፍና አነሣቻቸው። ወዴት ትውሰዳቸው? መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ የሰፋችው ሠላሳ ነጭ የነርስ ልብስ ተተኩሶ ተንጠልጥሏል፤ በማግስቱ ማለዳ ይወሰዳል። እነዚህን ጭቃ የነካቸውን እዚያ ማስገባት ልብሱን ማበላሸት ነው። ወጥ ቤቱ በሩ አይገጥምም፤ የመንገድ ድመት እንደ ቤቷ ትገባበታለች።

ዶሮ ቤቱን አየችው። ትልልቆቹ ከዝናቡ ሸሽተው ቆጣቸው ላይ ተደርድረው ጸጥ ብለዋል። "ዝናቡ እስኪያባራ" አለች ለራሷ። "ሩብ ሰዓት ብቻ። እዚሁ ቆሜ አያቸዋለሁ።" አሥራ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ዝርዝሩ ምን እንደሚል በቃሏ ታውቀዋለች። ብታውቀውም አስገባቻቸው።

ጥቂት ደቂቃ ደህና ነበር። ቄቦቹ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ላባቸውን ያራግፋሉ። ከዚያ ዘበኛዋ ከቆጧ ወረደች። አልቸኮለችም። ተራምዳ መጥታ ዳር የቆመችውን ቅንፍን ጭንቅላቷ ላይ አንድ ጊዜ በአፏ ነቆረቻት። ቅንፍ ጮኸች፤ ደም ታየ። ደም ሲያዩ ሌሎቹ ስድስት ከቆጡ ላይ እንደ ድንጋይ ወረዱ፤ ቤቱ ክንፍና ጩኸት ብቻ ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን በርግዳ ገባች። ዘበኛዋን በእግሯ ገፍታ፣ ቅንፍን ከመሬት ቀምታ ደረቷ ውስጥ ወሸቀቻት። አራቱን በቀሚሷ ሰብስባ ያዘች። ስድስተኛዋን ስትፈልግ አንድ ወርቃማ ነገር ጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ዘወር ስትል ጥያቄ በከፈተችው በር ወጥታ፣ ግቢውን ተሻግራ፣ የአናጢው ግንብ ጫፍ ላይ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። የሷ ዶሮዎች ከጉልበት በላይ ተነሥተው አያውቁም፤ ዶሮ እንደ ወፍ ስትበር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ጥያቄ አንገቷን ቆልመም አድርጋ አየቻት፤ ከዚያም ወደ ማዶ ዘለለች።

አምስቱን ካርቶናቸው ውስጥ አድርጋ፣ ቅድም በጥድፊያ ትዝ ያላላት መታጠቢያ ቤት ቆለፈችባቸውና በዝናብ ወደ አናጢው ሮጠች። አናጢው መጋዙን አጥፍቶ አብሯት ፈለገ። ከጣውላው ክምር ሥር አዩ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አዩ፣ የመጋዝ ብናኙን ከረጢት ሁሉ አገላበጡ። ልብስ ሰፊዋ በጉልበቷ ተንበርክካ በየቀዳዳው እጇን ሰደደች። ጥያቄ የለችም።

"አይዞሽ እትዬ፣ ሲርባት ራሷ ትመጣለች" አለ አናጢው፤ እሱም ግን በታቹ ድመት የሚያሾልከውን በሩን እያየ ነበር የተናገረው።

ቤቷ ስትመለስ ስልኩ እየጮኸ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። አማቷ በዚህ ሰዓት ደውለው አያውቁም።

"ነገ ጠዋት ስልኬን ይቀበሉኛል አሉ" አሉ አማቷ። "ለዚያ ነው። ስድስቱም አሉ?"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። በማግስቱ ጠዋት የሚከፈተው ዳሌ፣ ከፍና ዝቅ የሚለው ግፊት፣ ሁለት ጊዜ ያለፈው ቀጠሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ ተደቀነ።

"አሉ እማማ" አለች።

"ድምፃቸውን አሰሚኝ።"

ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቄቦቹ ከድንጋጤያቸው ገና አልተላቀቁም፤ የጥሬውን ቆርቆሮ ነቅነቅ ስታደርግላቸው አንድ በአንድ ጪው ጪው አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

"እሺ" አሉ አማቷ። "ደህና እደሪ ልጄ።"

ባሏ ሲደውል ሁሉንም ነገረችው። "አሁን እንዳትነግሪያት" አለ። "ትዳንና በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ለነገ ጭንቅ አትጨምሪባት።"

"ቢሞቱስ?" አለች። "ቢላ ሥር ሲገቡ የመጨረሻ የሰሙት የኔ ውሸት ይሆናል።"

"ብትነግሪያትና ግፊቷ ወጥቶ ብትቀርስ?"

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት የሚባለው ይሄ ነው። ልብስ ሰፊዋ የቅንፍን ቁስል አጥባ መድኃኒት ቀብታ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሰች። እስከ በሩ ድረስ ላለመናገር ወስና ነበር። አማቷ አረንጓዴ ጋውን ለብሰው፣ ፀጉራቸው በቆብ ተሸፍኖ፣ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ያለ መነጽራቸው አይታቸው አታውቅም። ትንሽ ሴት ነበሩ።

"በጠዋቱ ምን አመጣሽ?"

"ትናንት ዋሽቼዎታለሁ እማማ" አለች። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። "አምስት ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ከትልልቆቹ ጋር አስገባኋቸው፤ አታስገቢ ብለውኝ አስገባኋቸው። ተናከሱ። ጥያቄ በግንቡ ላይ በረረች። ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም።"

አማቷ ፊታቸውን ቋጠሩ። ሊናገሩ ሲሉ ነርሷ የግፊት መለኪያውን ይዛ ገባች፤ ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ ነፋችና ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

"ከፍ ብሏል። ማታ ደህና ነበር እኮ። አሥር ደቂቃ ቆይቼ እንደገና እለካለሁ፤ ካልወረደ ለዶክተሩ መንገሬ ነው።"

ነርሷ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

"አውቄ ነበር" አሉ አማቷ።

"ምኑን?"

"ጥያቄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትጮኸው፤ ሌሎቹ ሲያበቁ። ትናንት ሌሎቹ አበቁና ዝም ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ የሷን ነገር አይደለም ያሰብኩት። ይህቺ ልጅ እንዲህ የምትፈራኝ ምን አድርጌያት ነው እያልኩ ነው ያደርኩት።"

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሰባት ነበሩ" አሉ አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰባተኛዋ ከበረንዳዬ በረረች። አራተኛ ፎቅ። በሩን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። ለልጄም አልተናገርኩ። ላንቺም አሥራ ስድስት ነገር ስጽፍልሽ፣ ይበራሉና ተጠንቀቂ የሚለውን አንድ መስመር ዘለልኩ። እንዴት አወቅሽ ብትዪኝ ምን እላለሁ ብዬ አፈርኩ። በኛ ሥራ የተሳሳተ ፊደል ቀላል ነው፤ መስመር መዝለል ነው ሰው የሚያስባርረው።"

እጃቸውን ዘርግተው ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። "አሁን ሄደሽ ፈልጊያት። ወደ ታች እንዳታዪ። ሲፈሩ ከፍታ ነው የሚወጡት።"

"ግፊትዎ እስኪለካ ልቆይ።"

"ቆዪ" አሉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ነርሷ ተመልሳ ለካች። ቁጥሩን አየች፤ ደግማ ለካች። "ወርዷል" አለች፣ ለማመን እንደከበዳት ሁሉ። "እንግባ።"

ልብስ ሰፊዋ ተሽከርካሪው አልጋ በድርብ በሩ እስኪገባ ቆማ አየች፤ ከዚያ ታክሲ ይዛ በቀጥታ ወደ አናጢው ሄደች። ገና ከመግባቷ ቀና አለች። ከጣሪያው ሥር፣ ትናንት ተንበርክካበት ከነበረው ቦታ ትክክል በላይ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት ላይ ነጭ ኩስ አለ። አዲስ ነው። ከሥሩ፣ ጣውላው ክምር ጀርባ፣ ሦስት ወርቃማ ላባዎችና ትንሽ ደም።

"ማለዳ ስከፍት አንዲት ድመት ከዚህ ወጥታለች" አለ አናጢው ቀስ ብሎ። "ልብ አላልኩትም እትዬ።"

ትናንት አፈር ለአፈር ሲፈልጓት ከራሳቸው በላይ ቆማ ታያቸው ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀና ቢሉ ኖሮ። ልብስ ሰፊዋ ጣውላው ላይ ቁጭ አለች። ላባዎቹን በመሐረብ ጠቀለለች፤ ለምን እንደጠቀለለቻቸው አላወቀችም። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ። ቤቷ ገብታ ስልኩን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እንደ ልጅ ጠበቀችው። አምስት ሰዓት ሲሆን ባሏ ደወለ።

"ወጥታለች" አለ፤ የኮረብታው ነፋስ ድምፁን ይቆራርጠዋል። "ደህና ናት አሉኝ። ሰማሽኝ? ደህና ናት።"

ያኔ አለቀሰች። ለሴትየዋ ይሁን ለቄቧ፣ አልለየችውም።

በማግስቱ ልትጠይቃቸው ስትሄድ አማቷ ደክመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። መጀመሪያ ያሉት "ተገኘች?" የሚል ነው።

"አልተገኘችም እማማ። ድመት በልታታለች።" ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ከላያችን ነበረች" አለች። "ስንፈልጋት ከላያችን ነበረች። ቀና አላልኩም።"

አማቷ እጇን ያዙ። በሰባት ዓመት ውስጥ እጇን ይዘው አያውቁም። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ። "አምስቱን እንጠብቃለን" አሉ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ፤ ልብስ ሰፊዋም አጠጣቻቸው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ደረጃ መውጣት ስለተከለከሉ ልብስ ሰፊዋ ቤት አረፉ። ባልየውም ሥራው አልቆ ተመለሰ። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ጠቦ ነበር፤ አማቷ የሻዩን ሙቀት፣ የመጋረጃውን ዘንበል ማለት፣ የሬዲዮኑን ዜና ያርማሉ። ልብስ ሰፊዋም አንድ ቀን ድንገት "እማማ፣ መጋረጃው ዘንበል ያለው ቤቱ ዘንበል ስላለ ነው" ብላ መለሰችላቸው። አማቷ ግድግዳውን ትክ ብለው አይተው "እውነትሽን ነው" አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ሲያልፍ ቄቦቹ የሚቀላቀሉበት ቀን ደረሰ። ባልየው የዶሮ ቤቱን አጥር አናት በሽቦ ሸፈነ፤ ትልልቆቹ የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቆጥም ሠራ። ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ የመኖ ዕቃ በሌላው ጥግ አኖረች፤ ጣውላ አጋድማ ትንንሾቹ ብቻ የሚሾልኩበት መደበቂያ አበጀች። ከዚያ እሷና አማቷ ሁለት ወንበር አውጥተው ከሽቦው ውጭ ተቀመጡ። በሩ ተከፈተ።

አንክሮ ቀድማ ገባች፤ አራቱ ተከተሏት። ዘበኛዋ ከጥሬዋ ቀና አለች።

"ልግባ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ቆይ።"

ዘበኛዋ እየተንጠባረረች መጣች። ቅንፍ ስታያት ጣውላው ሥር ገባች። ድርብ ሰረዝ ዘገየችና አንድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ተነቆረች፤ ላባ በነነ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣች።

"እማማ፣ ልግባ?"

"ደም ካለ ግቢ" አሉ አማቷ። የምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ቶሎ ቶሎ ይመታል። "ደም አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲሁ ዋሉ፤ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ እያስቀመጠቻት። ቄቦቹ አራት ጊዜ ተሳደዱ፤ ሁለት ጊዜ ተነቆሩ። ከትልልቆቹ ተርፎ የቀረውን ጥሬ ለቀሙ። ሊመሽ ሲል ሰባቱ ወደ ቆጣቸው ወጡ። አምስቱ ድንኮች መሃል ላይ ቆመው ግራ ገባቸው። ከዚያ ነጥብ ክንፏን ዘርግታ ባልየው ወደሠራው ከፍ ያለ ቆጥ በአንድ ጊዜ በረረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዘበኛዋ አንገቷን አንጋጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ልትደርስባቸው አትችልም።

"ነገስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ነገም እንቀመጣለን" አሉ አማቷ። "ምናልባት ሳምንቱን ሙሉ። እኔ እንደሁ የትም አልሄድ።"

ምርኩዛቸውን አቀበለቻቸው፤ በሌላው ክንዳቸው እሷን ተደገፉ። በሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው ወደ ቤት ገቡ። ምናልባት የሚጮኽ ነገር ቢኖር እንዲሰማቸው የጓሮውን መስኮት ሳይዘጉት አደሩ።